ሳል የማይከላከልለት ሳንባ፦ የንቅለ ተከላ ሕሙማንን ለምትንከባከቡ ወገኖች

በዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ፣ በሚኒሶታ ወይም በሲያትል ሆስፒታል ገብቶ አንድ ሐበሻ ሠራተኛ ሳያዩ መውጣት ያስቸግራል። ነርሷ፣ ረዳት ነርሱ (ሲኤንኤ)፣ የጽዳት ሠራተኛዋ፣ ምግብ አመላላሹ የእኛው ሰው ነው። ከሆስፒታል ውጭ ደግሞ በየሰው ቤት እየገቡ ሆም ኬር የሚሠሩ እናቶችና እህቶች አሉ። ይህን የምጽፈው ለእነሱ ነው። አንድ ቀን ከኤጀንሲው ይደወልና “አዲስ ኬዝ አለ፤ ሳንባ የተተከለላቸው ሰው ናቸው፤ ከሆስፒታል ከወጡ ሦስት ሳምንታቸው ነው፤ ሰኞ ትጀምሪያለሽ” ይባላል። በሥልጠና የተማርነው አልጋ ማንጠፍን፣ በሽተኛ ማገላበጥን፣ ግፊት መለካትን ነው። ሳንባ የተተከለለት ሰው ከሌላው በሽተኛ በምን እንደሚለይ ቁጭ አድርጎ ያስረዳን ግን እምብዛም የለም።

ቀዶ ጥገናውን ሐኪሞቹ ሠርተው ጨርሰዋል። መድኃኒቱንም ፋርማሲስቱ አዘጋጅቶ ሰጥቷል። ከዚያ ወዲህ በሽተኛውን ደጋግሞ ወደ ሆስፒታል የሚመልሰውና ሕይወቱንም የሚያሰጋው አንዱ ትልቅ ነገር ኢንፌክሽን ነው፤ ከኢንፌክሽንም በብዛት የሚያጋጥመው የባክቴሪያው ነው። ሐኪሙ በሽተኛውን የሚያየው በቀጠሮ ቀን ለጥቂት ደቂቃ ነው። ስምንትና አሥራ ሁለት ሰዓት አብራችሁ የምትውሉት እናንተ ናችሁ። ባክቴሪያ የሚገባበትን መንገድ ለመዝጋትም፣ ከገባ ቀድሞ ለማወቅም ከእናንተ የተሻለ ቦታ ላይ ያለ ሰው የለም።

ለምን ሳንባ እንደሚለይ ማወቅ ሥራውን ያቀልላል። ኩላሊትና ጉበት ሲተከሉ ሆድ ውስጥ ተዘግተው ይቀመጣሉ። ሳንባ ግን በእያንዳንዱ ትንፋሽ ከውጭው አየር ጋር ይገናኛል። ጤነኛ ሰው ከአየሩ ጋር የገባውን ጀርምና አቧራ የሚያስወጣው በሳል፣ እንዲሁም የአየር ቧንቧውን የውስጥ ግድግዳ የሸፈኑ ጥቃቅን ፀጉር መሰል አካላት አክታን ወደ ላይ ስለሚገፉለት ነው። ንቅለ ተከላ ሲደረግ ወደ ሳንባው የሚሄዱት ነርቮች ይቆረጣሉ። ከስፌቱ በታች አክታ ቢጠራቀም ወይም የምግብ ፍርፋሪ ቢገባ በሽተኛው ላይሰማው፣ ላያስለውም ይችላል። ጥቃቅኖቹ ፀጉሮችም እንደ ቀድሞው አይሠሩም። ፈሳሽ የሚያመላልሱት የሊምፍ ቧንቧዎች ተቆርጠዋል። የአየር ቧንቧው የተሰፋበት ቦታ የሚደርሰው ደም ትንሽ ስለሆነ ቁስሉ ቶሎ አይጠግግም፤ በዚያ መሃል ባክቴሪያና ፈንገስ ሊሰፍርበት ይችላል።

በዚህ ላይ ሰውነት አዲሱን ሳንባ እንደ ባዕድ ቆጥሮ እንዳያጠቃው የበሽታ መከላከል አቅምን የሚያዳክሙ መድኃኒቶች ይሰጣሉ። አብዛኛው ሰው ሦስቱን አብሮ ይወስዳል፦ ታክሮሊመስ፣ ማይኮፌኖሌትና ፕሬድኒሶን። ለሳንባ የሚሰጠው መጠን አብዛኛውን ጊዜ ለኩላሊት ከሚሰጠው ይጠነክራል። እንግዲህ ይህ ሰው ሳሉ ተዳክሞ፣ የበሽታ መከላከያውም ሆን ተብሎ ተዳክሞ ነው የሚኖረው።

ታሪኩም ይህንኑ ይመሰክራል። የመጀመሪያውን የሰው ሳንባ የተከሉት ዶክተር ጄምስ ሃርዲ ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1963 በሚሲሲፒ ዩኒቨርሲቲ። በሽተኛው የኖረው 18 ቀን ነበር። ከዚያ በኋላ ለ20 ዓመት በየአገሩ የተሞከሩት ንቅለ ተከላዎች በአብዛኛው የከሸፉት ሰውነት ሳንባውን ስለማይቀበለው፣ የአየር ቧንቧው ስፌት ስለማይጠግግና ኢንፌክሽን ስለሚገባ ነው። እ.ኤ.አ. በ1983 ዶክተር ጆኤል ኩፐር በቶሮንቶ ያደረጉት ተሳካና በሽተኛው ለዓመታት ኖረ። ዛሬ አሜሪካ ውስጥ ብቻ በዓመት ከ3000 በላይ ሰዎች ሳንባ ይተከልላቸዋል። ወገኖቻችን በብዛት በሚኖሩበት አካባቢ በሰሜን ቨርጂኒያ ፌርፋክስ፣ በባልቲሞርም ይሠራል፤ በእስራኤል ደግሞ ፔታ ቲክቫ በሚገኘው ቤይሊንሰን ሆስፒታል። በአገር ቤት እ.ኤ.አ. በ2015 በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል የተጀመረው የኩላሊት ንቅለ ተከላ ነው፤ የሚወሰዱት መድኃኒቶች ግን በአብዛኛው አንድ ዓይነት ስለሆኑ እዚህ የምለው ብዙው ነገር ኩላሊት ለተተከለለትም ሰው ይሠራል።

ሆስፒታል ውስጥ ለምትሠሩት መጀመሪያ ልንገራችሁ። ሐኪሞቹ ከለጋሹም ከተቀባዩም ሳንባ ናሙና ወስደው ምን ባክቴሪያ እንዳለበት ያስመረምራሉ፤ አንቲባዮቲኩን የሚመርጡት በዚያ ውጤት ነው። በመጀመሪያው ወር የሚያስፈራው የሆስፒታሉ ባክቴሪያ ነው፦ ፕሱዶሞናስ፣ ስታፍ፣ ክሌብሲየላና የመሳሰሉት። ከስድስት ወር በኋላ ብዙውን ጊዜ የሚመጣው እንደማንኛውም ሰው ከሰፈርና ከቤተሰብ የሚተላለፈው ነው። ከእነዚህ ሁሉ ፕሱዶሞናስን ለይታችሁ እንድታውቁት እፈልጋለሁ። እርጥበት ባለበት ሁሉ ይኖራል፤ በሲንክ፣ በቱቦ፣ በደንብ ባልደረቀ ዕቃ ላይ። በተተከለ ሳንባ ውስጥ ከሰፈረ በኋላ ማስወጣቱ ከባድ ነው፤ ሳንባው ቀስ በቀስ እንዲደክም ከሚያደርጉት ነገሮችም አንዱ ነው።

የመጀመሪያው የተሳካ ንቅለ ተከላ በተደረገባት በቶሮንቶ የሆነውን እዩ። በቶሮንቶ ጀኔራል ሆስፒታል ከታኅሣሥ 2004 እስከ መጋቢት 2006 እ.ኤ.አ. ባለው ጊዜ ለብዙ መድኃኒት የማይበገር ፕሱዶሞናስ 36 ሕሙማን ላይ ተገኘ፤ ከመካከላቸው ንቅለ ተከላ የተደረገላቸው ነበሩ። ለ12ቱ ሞት ኢንፌክሽኑ ምክንያት ሆኗል ወይም አስተዋጽኦ አድርጓል ተባለ። ምንጩ ሲፈለግ ሲፈለግ የተገኘው ማንም ያልጠረጠረው ቦታ ነው፦ ሠራተኛው እጁን የሚታጠብበት ሲንክ። ቧንቧው ውሃውን በቀጥታ ወደ ፍሳሽ ቀዳዳው ስለሚለቀው ከቀዳዳው ውስጥ ያለው ባክቴሪያ ይረጭ ነበር። መርማሪዎቹ በልዩ መብራት የሚታይ ቀለም ቀዳዳው ውስጥ ጨምረው ውሃውን ሲከፍቱ ርጭቱ ቢያንስ አንድ ሜትር ያህል ርቆ ተገኘ። በዚያ ርቀት ውስጥ ደግሞ መድኃኒት የሚዘጋጅበት ጠረጴዛ ነበር። ወረርሽኙ የቆመው ሲንኮቹ እንዳይረጩ ተደርገው ከተሠሩ በኋላ ነው።

የሲንኩን አሠራር መቀየር በእጃችን አይደለም። ይህ ግን በእጃችን ነው፦ ከበሽተኛው አልጋ አጠገብ ባለው የእጅ መታጠቢያ የተረፈ ሻይ፣ ጁስ፣ በቱቦ የሚሰጥ ምግብ ወይም የገላ ማጠቢያ ውሃ አትድፉ። የቀዳዳውን ባክቴሪያ የሚቀልበው ይኸው ነው። ከሲንኩ ዳር ላይ ንጹሕ ፎጣ፣ የጥርስ ብሩሽ፣ መርፌ፣ ፋሻ አታስቀምጡ። የጽዳት ሠራተኞች ሆይ፣ እናንተ የምትጠርጉት የአልጋ ጠርዝ፣ የመብራት ማብሪያ፣ የቴሌቪዥን ሪሞት፣ የበር እጀታ ለዚህ ሰው እንደ መድኃኒቱ ሁሉ አስፈላጊ ነው። ማንም ስላላመሰገናችሁ ሥራችሁ ትንሽ አይምሰላችሁ።

እጅ መታጠብን ሁሉም ያውቀዋል፤ የሚያስቸግረው ጓንት ነው። ጓንት ያደረገ ሰው እጁ ንጹሕ ይመስለዋል። በዚያው ጓንት የሽንት ከረጢቱን ባዶ አድርጎ፣ የአልጋውን ማዘዣ ተጭኖ፣ ትራስ አስተካክሎ፣ ወደ ኦክስጅን ቱቦው ይዘልቃል። የተጠበቀው የሠራተኛው እጅ ብቻ ነው፤ በሽተኛው አልተጠበቀም። ከቆሸሸው ወደ ንጹሑ ስትሄዱ ጓንቱን አውልቃችሁ፣ እጃችሁን አጽድታችሁ፣ አዲስ አድርጉ። በአልኮል ሳኒታይዘር ከ20 እስከ 30 ሴኮንድ፣ በሳሙናና በውሃ ከ40 እስከ 60 ሴኮንድ ይበቃል። በሽተኛው ሲ ዲፍ የሚባለው የሚያስቀምጥ ባክቴሪያ ካለበት ግን አልኮል አይገድለውም፤ በሳሙናና በውሃ መታጠብ ግድ ነው። ይህን ሁሉ አንቲባዮቲክ የሚወስድ ሰው ደግሞ ሲ ዲፍ በቀላሉ ይይዘዋል። አርቴፊሻል ጥፍር ለዚህ ሥራ አይሆንም። እኅቶቼ፣ እንደሚያምር አውቃለሁ፤ ግን ከሥሩ የሚቀረው ባክቴሪያ በመታጠብ አይለቅም፣ ለሞት ያደረሰ ወረርሽኝ ከጥፍር ጋር የተያያዘበት ጊዜም አለ።

ነርሶች ቱቦ ሁሉ መንገድ መሆኑን ታውቃላችሁ። በደም ሥር የገባው ካቴተር፣ የሽንት ቱቦው፣ የደረቱ ቱቦ በእያንዳንዱ ሺፍት “ዛሬም ያስፈልጋል?” ተብሎ ይጠየቅ። ሐኪሙ ሥራ በዝቶበት ከረሳው ማስታወሱ የናንተ ነው፤ ማንም አይቆጣችሁም።

አሁን ወደ አንድ የእኛ ነገር ልምጣ። ሳንባ ከተተከለ በኋላ ብዙ ሰው መዋጥ ይቸገራል። በመተንፈሻ ቱቦው ምክንያት ጉሮሮው ተጎድቶ፣ ወይም የድምፅ ነርቭ ተነክቶ ሊሆን ይችላል። ጤነኛ ሰው ትን ሲለው ስሎ ያወጣዋል። ይህ ሰው ላይ ግን ምግቡ ወይም ውሃው ዝም ብሎ ወደ ሳንባው ሊወርድ ይችላል፤ ከአፍ ባክቴሪያ ጋር። ሐኪሞቹ የመዋጥ ምርመራ እስኪደረግ “በአፍ ምንም” የሚል ምልክት አልጋው ላይ የሚለጥፉት ለዚህ ነው። ከዚያ በኋላም ውሃው እንዲወፍር ሊታዘዝ ይችላል። በሽተኛው ሐበሻ ከሆነ ደግሞ እናት በፌስታል ሙቅ ይዛ ትመጣለች፤ አክስት እንጀራ ጠቅልላ “አንዲት ጉርሻ ብቻ፣ በእመቤቴ!” ትላለች። ፍቅር ነው። ያቺ ጉርሻ ግን የሳንባ ምች ልታመጣ ትችላለች። ቤተሰቡን በር ላይ ተቀብላችሁ በአማርኛ አስረዱ፤ ምልክቱን በእንግሊዝኛ አንብበው እንዲረዱ አትጠብቁ። “እማማ፣ አሁን የምታጎርሱት ወደ ሆዱ ሳይሆን ወደ ሳንባው ነው የሚገባው፤ ምርመራው ሲያልፍ እኔ ራሴ እደውልልዎታለሁ” በሏቸው። ከዚህ ሌላ የአልጋውን ራስጌ ከ30 እስከ 45 ዲግሪ ቀና አድርጉ፤ መብላት ከተፈቀደለት በኋላም ወዲያው እንዳይተኛ አድርጉ። ቃርና የጨጓራ አሲድ ወደ ላይ መመለስ ለተተከለ ሳንባ ትልቅ ጠላት ነው። አፉን በቀን ሁለት ጊዜና ከዚያም በላይ አጽዱለት። በአፍ የማይበላ ሰው አፉ የማይቆሽሽ የሚመስላቸው ብዙ ናቸው፤ ጭራሽ ይብስበታል።

ቤት ስትገቡ መጀመሪያ የምታዩት ዕቃ ኔቡላይዘሩ ይሁን። በሽተኛው በትንፋሽ የሚስበው መድኃኒት ካለ በዚህች ትንሽ የፕላስቲክ ኩባያ ውስጥ ያልፋል፤ ኩባያዋ ውስጥ የቀረ እርጥበት ካለ ባክቴሪያውም አብሮ ተንኖ ቀጥታ ወደ ሳንባው ይወርዳል። ብዙ ቤት ውስጥ የምታገኙት ይህን ነው፦ ኩባያው በውሃ ተለቅልቆ በመታጠቢያ ቤቱ ሲንክ ዳር ትናንት በተነከረ ፎጣ ላይ ተደፍቶ፣ ውስጡ ጠብታ እንደያዘ። ከእያንዳንዱ አጠቃቀም በኋላ ፈታቱት፤ ክፍሎቹን በሞቀ ውሃና በሳሙና እጠቡ፤ ከዚያ ዕቃው የሚፈቅድ ከሆነ አምስት ደቂቃ አፍሉት። ማፍላት ካልተቻለ 70 በመቶ አልኮል ውስጥ አምስት ደቂቃ መዘፍዘፍ፣ ወይም 3 በመቶ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ውስጥ ሠላሳ ደቂቃ መዘፍዘፍ ይቻላል፤ በእነዚህ ካደረጋችሁት ግን መጨረሻ ላይ የምታለቀልቁት በስቴራይል ውሃ እንጂ በቧንቧ ውሃ አይሁን። ኮምጣጤ አይበቃም። ከዚያ ከሲንክ ርቆ በንጹሕ ሶፍት ላይ በደንብ ይድረቅ። የቧንቧ ውሃ ኔቡላይዘር ውስጥ በፍጹም አይገባም። ክፍሉን የሚያረጥብ ማሽን ካለ ስለ እሱ ሆስፒታሉን ጠይቁ፤ ያልጸዳ ከሆነ ከጥቅሙ ጉዳቱ ይበልጣል።

መድኃኒቱ ላይ ሁለት ነገር ልብ በሉ። ታክሮሊመስ አብዛኛውን ጊዜ በየ12 ሰዓቱ ነው የሚወሰደው፤ ደም በሚሰጥበት ጠዋት ግን ደሙ ከተቀዳ በኋላ እንጂ በፊት አይወሰድም። ቀድሞ ከተዋጠ ልኬቱ ከፍ ብሎ ይታያል፣ ሐኪሙም በተሳሳተ ቁጥር መጠኑን ይቀንሳል። ያኔ ሰውነት ሳንባውን ማጥቃት ሊጀምር ይችላል። ሳንባው ሲጠቃ ደግሞ ሕክምናው ከፍተኛ መጠን ያለው ስቴሮይድ ነው፤ እሱ ተመልሶ ኢንፌክሽን ይጋብዛል። ሁለተኛው፣ ማንም ሰው የተረፈውን አሞክሳሲሊን ወይም ከአገር ቤት የመጣ አንቲባዮቲክ “ይችን ሞክራት” ብሎ እንዳይሰጠው። ክላሪትሮማይሲን የታክሮሊመስን መጠን በደም ውስጥ ያንረዋል፤ የቲቢው መድኃኒት ሪፋምፒን ደግሞ ክፉኛ ያወርደዋል። ግሬፕፍሩትም ያንረዋል። ዳማከሴም ይሁን ሌላ የባህል መድኃኒት ለሆስፒታሉ ሳይነገር አይሰጥ። ባክትሪም የሚባለውን ክኒን በሽተኛው “ደኅና ነኝ፣ ለምን እወስዳለሁ?” ብሎ ሊያቆመው ይፈልግ ይሆናል፤ እሱ የሚከላከለው ገና ያልመጣውን በሽታ ነው።

ከሁሉም በላይ የምለምናችሁ ለውጥን ቶሎ እንድትናገሩ ነው። ፕሬድኒሶን ትኩሳትን ይደብቃል። ትልቅ ኢንፌክሽን ያለበት ሰው ሙቀቱ መደበኛ ሊሆን ይችላል። 38 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ በፋራናይት 100.4፣ ከደረሰ መደወል ነው፤ ሆስፒታሉ ዝቅ ያለ ቁጥር ከሰጣችሁም በሱ ሂዱ። ትኩሳቱ ባይኖርም ሌላውን እዩ፦ የአክታው ቀለምና ብዛት ከተለወጠ፣ ትናንት ያለ ዕረፍት የወጣውን ደረጃ ዛሬ መሃል ላይ ከቆመበት፣ ምግብ ካስጠላው፣ ከወትሮው በላይ ከተኛ፣ ንግግሩ ከተዘበራረቀ፣ የቀዶ ጥገናው ቦታ ከቀላ ወይም ፈሳሽ ካወጣ። አብዛኛው በሽተኛ ቤቱ ውስጥ የሚነፋበት ስፓይሮሜትር የምትባል ትንሽ መሣሪያ ይሰጠዋል። በአንድ ሴኮንድ የሚያስወጣው አየር ከወትሮው በ10 በመቶ ከቀነሰ ባይሰማውም እንኳ ይደወላል። ቁጥሩን በየቀኑ በአንድ ደብተር ላይ ጻፉ፤ የደብተሩ ጥቅም የሚታየው ቁጥሩ ሲወርድ ነው።

ችግራችን ምልክቱን አለማየት ሳይሆን “ለምን ላስቸግር፣ ነገ ይሻለው ይሆናል” ማለት ነው። ይሉኝታው ብዙ ቦታ ያምራል፤ እዚህ ግን ሰው ይገድላል። የንቅለ ተከላ ማዕከል ሁሉ በሌሊትም ስልክ የሚያነሳ ተረኛ አለው፤ ሥራውም ይኸው ነው። እንግሊዝኛው የሚያሳስባችሁ ካላችሁ ከመደወላችሁ በፊት በወረቀት ጻፉት፦ የበሽተኛው ስምና የትውልድ ቀን፤ ሳንባ የተተከለበት ወር፤ ምን እንደተለወጠና ከመቼ ጀምሮ፤ ሙቀቱ፣ የኦክስጅን ቁጥሩና የስፓይሮሜትሩ ቁጥር ከትናንቱ ጋር። ከዚያም “ዛሬ መምጣት አለበት ወይ?” ብላችሁ በቀጥታ ጠይቁ። “ትንሽ አሞታል” አትበሉ፤ በስልክ ማዶ ላለው ሰው ትንሽ ማለት ምንም ማለት ነው። የተባላችሁትን መልሳችሁ አንብቡላቸው፣ የመለሰላችሁን ሰው ስምና ሰዓቱን ጻፉ። በሽተኛው ራሱ አማርኛ ብቻ የሚናገር ከሆነ ሆስፒታሉ ያለ ክፍያ አስተርጓሚ የማቅረብ ግዴታ አለበት፤ የልጅ ልጁን አስተርጓሚ አታድርጉት።

የወጥ ቤቱ ነገር ለእኛ ከባድ ነው። ክትፎ ለብ ለብም ቢሆን፣ ጥሬ ሥጋ፣ ካልፈላ ወተት የወጣ አይብና እርጎ፣ ያልበሰለ እንቁላል ለዚህ ሰው ክልክል ናቸው። ሳልሞኔላ አለ፤ ከሱ የሚብሰው ደግሞ ሊስቴሪያ ነው፤ ፍሪጅ ውስጥም ይራባልና “በፍሪጅ ነበር” ማለት አያድንም። ሥጋው እስከ ውስጡ ይብሰል፣ የጥሬ ሥጋ መክተፊያና ቢላዋ ለሰላጣ አይደገም፣ ወጡ ሳይሸፈን ምድጃ ላይ አይደር።

ጸበል ላይ በጥንቃቄ እናገራለሁ። እምነቱን የምነካ አይደለሁም። ካልተጣራ ምንጭ የተቀዳ ውሃ፣ ለብዙ ጊዜ በፕላስቲክ ውስጥ የቆየ፣ ለዚህ ሰው ባክቴሪያ ሊያስገባ ይችላል፤ ቁስል ወይም ካቴተር ላይ መርጨትማ የበለጠ አደገኛ ነው። ይህን ለቤተሰቡ ንገሩ፣ ከንስሐ አባታቸው ጋር እንዲመክሩበት አድርጉ። ጾሙንም እንዲሁ፤ የመድኃኒቱ ሰዓት አይታለፍም፣ ለታመመ ሰው የሚሰጠውን ፈቃድ ካህናቱ ያውቁታል።

እንግዳውስ? በባህላችን የታመመ መጠየቅ ግዴታ ነው፤ ሳሎኑ ይሞላል፣ ቡና ይፈላል፣ እጣን ይጨሳል። በተለይ በመጀመሪያዎቹ ወራት ጠያቂው ጥቂት ይሁን፣ የሚስልና የሚያስነጥስ አይምጣ፣ ከደጅ የገባ ሁሉ እጁን ይታጠብ፣ መሳሳሙ ይቅር። ጭሱ ለአዲሱ ሳንባ አይሆንም። የአትክልት አፈር፣ የወፍ ጎጆ፣ የድመት ዓይነ ምድር ከሱ ይራቅ፤ አፈር ውስጥ ኖካርዲያና ሌጂዮኔላ የሚባሉ ሳንባን የሚያጠቁ ባክቴሪያዎች አሉ።

አሁን ወደ ራሳችሁ። ጉንፋን ለእናንተ የሦስት ቀን ጣጣ ነው፤ ለዚህ ሰው ከጉንፋኑ በስተኋላ የባክቴሪያ ሳንባ ምች ሊከተል ይችላል። የፍሉ ክትባት በየዓመቱ ውሰዱ፤ በአፍንጫ ከሚረጨው ይልቅ መርፌውን ምረጡ። በሽተኛውም የፍሉና የኒሞኮከስ ክትባቱን እንደወሰደ ጠይቁ።

ስለ ቲቢ ደግሞ ሳንሸማቀቅ እናውራ። ከአገር ቤት የመጣን ብዙዎቻችን ሰውነታችን ውስጥ የተኛ ቲቢ ሊኖር ይችላል። የተኛው ቲቢ ለማንም አይተላለፍም፤ ከሥራም አያስወጣም። በልጅነት በወሰድነው ቢሲጂ ምክንያት የቆዳ ምርመራው ሊያሳስት ስለሚችል የደም ምርመራውን ጠይቁ። ውጤቱ አዎንታዊ ከሆነ የሦስት ወይም የአራት ወር መድኃኒት አለ፤ ውሰዱትና ጨርሱት። ከሁለት ሳምንት በላይ የዘለቀ ሳል፣ የሌሊት ላብ፣ የክብደት መቀነስ ካለ ግን ሳትመረመሩ ወደዚህ ሰው ቤት አትግቡ። በሽተኛው ራሱ ኢትዮጵያዊ ከሆነ ደግሞ በልጅነቱ ቲቢ ካለበት ሰው ጋር ኖሮ እንደሆነ ለሐኪሞቹ መናገር አለበት፤ ምቹው ጊዜ ከንቅለ ተከላው በፊት ነው።

“ካልሠራሁ ማን ይከፍለኛል?” የሚለውን ጥያቄ አውቀዋለሁ፤ ኪራይ አይጠብቅም። ስለዚህ መብታችሁን እወቁ። ዲሲ እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ የሚከፈልበት የሕመም ፈቃድ ሕግ አላት። በሜሪላንድ ከ2018 ጀምሮ ለእያንዳንዱ 30 የሥራ ሰዓት አንድ ሰዓት ይጠራቀማል፤ ቀጣሪው 15ና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ካለው ይከፈልበታል። በቨርጂኒያ ከ2021 ጀምሮ በሜዲኬይድ በኩል የቤት እንክብካቤ የሚሰጡ ሠራተኞች በቂ ሰዓት ከሠሩ ተመሳሳይ መብት አላቸው። በሚኒሶታ ከ2024 ጀምሮ እንደዚሁ በ30 ሰዓት አንድ ሰዓት ነው። እያንዳንዱ ሕግ የራሱ ዝርዝር አለው፤ የደመወዝ ወረቀታችሁ ላይ የተጠራቀመውን ሰዓት ፈልጉ፣ ካላያችሁት ቢሮውን በጽሑፍ ጠይቁ። ኤጀንሲው “ሰው የለኝም፣ ማስክ አድርገሽ ግቢ” ቢላችሁ በሽተኛው ንቅለ ተከላ የተደረገለት መሆኑንና ትኩሳት እንዳላችሁ በቴክስት ጻፉላቸው። በጽሑፍ የተነገረውን “አልሰማሁም” ማለት አይቻልም።

ይህን ያነበባችሁና እንዲህ ያለ ኬዝ የያዛችሁ ሁሉ፣ በሚቀጥለው ሺፍታችሁ ጃኬታችሁን ሳታወልቁ ቤተሰቡን የንቅለ ተከላ ማዕከሉን የሌሊት ስልክ ቁጥር ጠይቁ፤ በስልካችሁም ላይ፣ በፍሪጁም በር ላይ ጻፉት። ከዚያ እጃችሁን ታጠቡና ሥራችሁን ጀምሩ።